ሁለቱን ካርቡሬተር መጀመሪያ አስማማ፣ ከዚያ ለጎንደር አየር ለካቸው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ጎንደር ነው ያለሁት። ከአባቴ የቀረልኝ የ1974 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ሲቢ 200 አለኝ፤ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡሬተር። ጠዋት በቀላሉ ይነሳል። ሲሞቅ ግን ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡት በዝግታ መሥራት) አይዝም፤ ወይ ይጠፋል ወይ ብቻውን ይጮኻል። የቀኙ ማርሚታ ጥቁር ያጨሳል፣ የዚያው በኩል ካንዴላም በሁለት ቀን ይጠቁራል። ወደ ኮሶዬ ዳገቱን ስወጣ ደግሞ ጋዝ በሰጠሁት ቁጥር ይታፈናል። መካኒክ ሁለቴ ፈቶ አጥቦታል፣ ጅግለሩንም በሽቦ ጠርጎልኛል። አሁን ‹ካርቡሬተሩ አርጅቷል፣ የቻይና እንግጠምለት› እያለኝ ነው። ልቀይረው ወይስ ይስተካከላል? ፎቶ አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አትቀይረው። የዘረዘርካቸው ምልክቶች በሙሉ የሚስተካከሉ ናቸው። ካርቡሬተር አረጀ የሚባለው አካሉ ሲሰነጠቅ ወይም ተንሸራታቹ፣ ማለትም ጋዝ ሲሰጥ ወደ ላይ እየወጣ አፉን የሚከፍተው ክፍል፣ ተበልቶ በቤቱ ውስጥ ሲወላወል ነው፤ በፎቶው እንደማየው የአንተ አካሉ ደህና ነው። የቻይናው ካርቡሬተር ለባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የተሠራ ነው፤ የአፉ ስፋት፣ የመርፌው ቅጥነትና የተንሸራታቹ አቆራረጥ ለሌላ ሞተር የተለካ ነው። ሁለቱን ብታስገጥም እንኳ ዛሬ ያለብህን ችግር በአዲስ ዕቃ ላይ እንደገና ትጀምረዋለህ።

አንተ ጋ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። ቀኙና ግራው አይስማሙም። የቀኙ ቤንዚን ይበዛበታል። ከሁለቱም በላይ ደግሞ ጅግለሮቹ፣ ማለትም ቤንዚኑን በቀዳዳቸው ልክ የሚያሳልፉት የነሐስ ብሎኖች፣ ለባሕር ጠለል አየር የተቆረጡ ሆነው ሞተሩ የሚተነፍሰው የጎንደርን አየር ነው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይቻልም፣ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም። ሁለቴ ታጥቦ ያልዳነው ለዚህ ይመስለኛል፤ ዋናው ሥራ ካጠቡት በኋላ ያለው ልኬት ነው።

ካርቡሬተሩን ከመንካትህ በፊት ግማሽ ቀን ለሌላው ስጥ። «ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ ሚኒሞ አይዝም» የሚለው ምልክት ብዙ ጊዜ ከቫልቭ ይመጣል። በዚህ ሞተር ላይ የመግቢያውም የመውጫውም ቫልቭ ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ አድሮ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። ክፍተቱ ከዚህ ከጠበበ ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቩ ረዝሞ ወንበሩ ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ኮምፕሬሽን ያፈሳል፣ ሚኒሞውም ይጠፋል። አንድ ሰው ይህን ሳያይ ቀኑን ሙሉ የካርቡሬተር ብሎን ቢያዞር ምንም አያገኝም። ቀጥለህ የፑንቲናውን (የካንዴላውን እሳት የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ዕቃ) ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አድርገው፤ ፊቱ ከተቦረቦረ በቀጭን የአሸዋ ወረቀት አስተካክለህ በአልኮል ጥረገው። ፑንቲናው ሲከፈት ሰማያዊ ብልጭታ በብዛት የሚታይበት ከሆነ ኮንደንሰሩን ቀይር፤ ደካማ ኮንደንሰርም ሲሞቅ ነው የሚያምፀው።

ኮምፕሬሽን ስታስለካ አንድ ነገር አስታውስ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 77 በመቶ ያህል ነው። መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል፤ መጽሐፍ 12 ኪሎ የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ኪሎ ከትንሽ ቢያሳይ የፒስተኑ ፋሻ አለቀ ማለት አይደለም። ትኩረትህ በሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ላይ ይሁን፤ ከአንድ ኪሎ በላይ ከተራራቁ ካርቡሬተር ማስማማት ከንቱ ድካም ነው፣ መጀመሪያ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ይታይ። ስትለካ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍተህ ያዝ፤ ካልከፈትከው ሞተሩ አየር ስለማያገኝ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል።

የቀኙ ካንዴላ ለምን ብቻውን እንደሚጠቁር ለማወቅ ደግሞ በጣም ቀላል ፈተና አለ፦ ሁለቱን ካንዴላዎች አቀያይረህ አንድ ቀን ንዳ። ጥቁሩ ከካንዴላው ጋር ወደ ግራ ከሄደ ካንዴላው ነው የሞተው። ቀኝ ላይ ከቀረ ጉዳዩ የቀኙ ካርቡሬተር ነው።

አሁን ወደ ነዳጁ። በፕላስቲክ ጠርሙስና በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ከሞላህ ሳታየው ወደ ታንክ አትጨምር። በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ ቀድተህ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠው፤ ውኃ ካለበት ከታች እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ይታያል። ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ላምባ ወይም ናፍጣ የገባበት ግን ዘይታም ቀለበት ጥሎ ይቀራል። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ራሱ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ያስቸግራል። በዚህ ነዳጅ የተደረገ ልኬት ሁሉ ንጹሕ ቤንዚን የገባ ዕለት ይፈርሳል።

የሃምሳ ዓመት ታንክ ውስጡ ዝገት አያጣም። በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከት። ቡናማ ዱቄት ካየህ ታንኩን አውርደህ፣ ቤንዚኑን ጨርሰህ ቀድተህ፣ ቧንቧውን ነቅለህ ቀዳዳውን ድፈንና አቼቶ ሙላበት። አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ፤ ከዚያ ደፍተህ በውኃ እጠበው፣ አንድ ሊትር ውኃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠህ አቼቶውን አብርድበት፣ እንደገና በውኃ አለቅልቀህ ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቀው። ሳይውል ሳያድር ትንሽ የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን አስገብተህ አገላብጠው፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ በአንድ ሌሊት መልሶ ይዝጋል። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳም አይረሳ። እሱ ከተደፈነ ሞተሩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ነዳጅ እያጠረው ይሞታል፣ ክዳኑን ስትከፍተው «ፍስስ» ብሎ ይነሳል።

ካርቡሬተሩን ልፍታ ስትል መጀመሪያ ዕቃህን አዘጋጅ፦ የጃፓን መስቀለኛ ብሎን የሚገጥም ካቻቢቴ፣ ስስ ዲጂታል ካሊፐር፣ የካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ፣ የአየር ኮምፕሬሰር (ጎሚስታው ጋ መሄድ ይቻላል)፣ ሁለት ነጭ ሳህን፣ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የትራፓኖ ፑንታዎች። የካቻቢቴው ነገር ቀላል አይምሰልህ። የጃፓን መስቀለኛ ብሎን ከተለመደው መስቀለኛ ጋር ይመሳሰላል እንጂ ጥጉ የተለየ ነው፤ የተለመደው ካቻቢቴ ሙሉ በሙሉ ስለማይገባ ተንሸራቶ ራሱን ይበላዋል። የካርቡሬተርህ ብሎኖች ጭንቅላት በፎቶው ላይ የተበላሸው በዚህ ነው። ጫፉን በአሸዋ ድንጋይ ትንሽ ያሳጠርከው ካቻቢቴ ጠለቅ ብሎ ይይዝልሃል። ሥራውን ከከሰል ምድጃ ርቀህ፣ በረንዳ ላይ ሥራ፤ ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገብህ ይኑር።

ሁለቱን ካርቡሬተሮች በአንድ ጊዜ አትፍታ። አንዱን ፈትተህ ስትጨርስ ሌላውን ክፈት፣ የእያንዳንዱን ዕቃ በየራሱ ሳህን አኑር። መርፌና ተንሸራታች ለሃምሳ ዓመት ከየቤታቸው ጋር ተላምደዋል፤ የቀኙ ወደ ግራ ሲገባ አዲስ ክፍተት ይፈጠራል።

ጅግለሮቹን በተመለከተ በሽቦ መጠረጋቸው ከሁሉ በላይ አሳዝኖኛል። ጅግለር ለስላሳ ነሐስ ነው፤ በብረት ሽቦ አንድ ጊዜ ሲቦረቦር ቀዳዳው ይሰፋል ወይም ጠርዙ ይፈነጠራል። ወደ ፀሐይ አንሥተህ እይበት። ጤነኛው ቀዳዳ ፍጹም ክብ ሆኖ እንደ ትንሽ ጨረቃ ብርሃን ያሳልፋል፤ የተቧጨረው ግን ጠርዙ ላይ ጭረት ወይም የእንቁላል ቅርጽ ይታይበታል። እንዲህ ከሆነ ማጠብ አያድነውም፣ ሁለቱንም ጥንድ አድርገህ ቀይር፤ አንዱን ብቻ መቀየር ቀኝና ግራን እንደገና ያለያያል። መደብር ስትሄድ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ራሱን ጅግለሩን ይዘህ ሂድ፣ ጥርሱንና ቁመቱን አስተያይ፤ በጣት ካልገባ በመፍቻ አታስገድደው፣ የካርቡሬተሩ አካል ከነሐሱ ይልቅ ለስላሳ ነው። በነገራችን ላይ መደብሩ ውስጥ ጅግለር፣ ካንዴላ፣ ሚኒሞ፣ ቦቢና እያልክ ጠይቅ። ቃሎቹ ልክ እንደ ፒያሳችን ከጣሊያንኛ ገብተው የቀሩ ናቸውና ከመጽሐፉ የእንግሊዝኛ ስም ይልቅ በእነሱ ቶሎ ትግባባለህ።

ለመጥረጊያ የሚሆነው ስፕሬይና የታመቀ አየር ነው። ካልከፈተ ከመብራት ገመድ ውስጥ የወጣ አንድ ነጠላ የመዳብ ክር ወይም የጥርስ ብሩሽ ፀጉር ይበቃል። የሚኒሞው ጅግለር ቀዳዳ ከሁሉ የጠበበ ስለሆነ መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው። ከዚያ ስፕሬዩን በየመተላለፊያው ውስጥ ንፋና በሌላው ጫፍ መውጣቱን በዓይንህ አረጋግጥ፤ በአፉ ወለል ላይ ከተንሸራታቹ ወደ ሞተሩ በኩል ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ላይ ጠብታው መታየት አለበት። የአየር መተላለፊያው ከተደፈነ ነዳጅ ይበዛል እንጂ አያንስም፤ የቀኙ ጥቁር ጭስ አንዱ ተጠርጣሪ ይሄ ነው። ኦሪንግና ጎማ ያለውን ሁሉ ከስፕሬዩ አርቅ፤ ያብጥና አይገባም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጋለጃንቴው፣ ማለትም ተንሳፋፊው ነው። ነቅለህ ጆሮህ ጋ አስጠግተህ ነቅንቀው፤ ውስጡ ቤንዚን ካለ ይሰማል። ካልሰማህም አትመነው። የፈላ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ አድርገህ በማንኪያ ወደ ታች ተጫነው። የነሐስ ተንሳፋፊ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይለጠጥና በስፌቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ እንደ ክር ተከታትሎ ይወጣል፤ ቀዳዳው እዚያ ጋ ነው። የሚበየድ ከሆነ መጀመሪያ ውስጡ ያለው ቤንዚን በሙሉ ተኖ እስኪያልቅ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይክረም፤ ቤንዚን እንዳለበት ብየዳ የነካው ተንሳፋፊ ይፈነዳል። ቆርቆሮው የስንዴ ቅንጣት ያህል ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደቱ ይጨምርና ራሱ የነዳጁን ልክ ከፍ ያደርገዋል።

የነዳጁን መግቢያ የምትዘጋውን መርፌ ጫፍ በጥፍርህ ዳስሳት። ዙሪያዋን ቀለበት የመሰለ ስርጉድ ካለባት አልቃለች፣ በአዲስ ተካት፤ መቀመጫዋንም በጨርቅና በማጽጃ አጽዳ። ገጥመህ ካርቡሬተሩን ገልብጠህ በነዳጅ ቱቦው ንፋበት፤ ትንፋሽህ ጨርሶ ማለፍ የለበትም። በመጨረሻ የተንሳፋፊውን ከፍታ በካሊፐር ለካ። ካርቡሬተሩን አዘንብለህ ያዘው እንጂ ፈጽመህ አትገልብጠው፤ የተንሳፋፊው ምላስ የመርፌዋን ሞላ ነክታ ሳትጨፈልቃት ያለበት ቦታ ነው የሚለካው። ቁጥሩን ከካርቡሬተርህ አካል ላይ በተቀረጸው ኮድ መሠረት ከጥገና መጽሐፉ ውሰድ። ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ቀኝና ግራ በግማሽ ሚሊ ሜትር ውስጥ እኩል መሆን አለባቸው። የነዳጁ ልክ ከፍ ያለበት ካርቡሬተር በየትኛውም የጋዝ ደረጃ ላይ ያበዛል፤ ይህን ሳያስተካክሉ ጅግለር መቀየር የተሳሳተውን በስሕተት መሸፈን ነው።

ቾኩም ይታይ። እጀታውን ስትመልሰው የሁለቱም ካርቡሬተር ቅጠል እኩል ወለል ብሎ መከፈት አለበት። የአንዱ ቅጠል በትንሹ ተጋድሞ ከቀረ ያ ጎን ቀኑን ሙሉ ቾክ እንደተሳበ ነው የሚሄደው፣ ምልክቱም የአንተን ቀኝ ጎን ቁርጥ ይመስላል።

ገጥመህ ስታበቃ «ብቻውን ይጮኻል» ያልከውን አሁን ነው የምትፈልገው። ሚኒሞ ላይ እያለ መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ ጫፍ አዙረው። ድምፁ ከተለወጠ ካቦው ተወጥሯል ወይም መንገዱን ስቷል፤ እጀታው ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነጻ እንቅስቃሴ ስጠው። ካልተለወጠ ካርቡሬተሩ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ጠርጥር። እዚያ ያለው ኦሪንግ በሙቀት ጠፍጥፎ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ከዚያ የሚገባው አየር ደግሞ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያላለፈ ስለሆነ ማንም አይለካውም። ሚኒሞ ላይ እያለ በመርጫ ጠርሙስ መገጣጠሚያው ላይ ውኃ ርጭ። ውኃው ሲሳብ ለአፍታ ድምፁ ከተቀየረ አገኘኸው። ቤንዚን ወይም ስፕሬይ ግን በጋለ ሞተር ላይ አትርጭ።

ከዚህ በኋላ ማስማማት ነው። በፎቶህ እንደሚታየው ከእጀታው የሚወጣው አንድ ካቦ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለቱ ይሄዳል፣ እያንዳንዱም የራሱ ሚኒሞ ብሎን አለው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየር ማጣሪያው ጎማ ወጥቶ፣ ሁለቱን የሚኒሞ ብሎኖች ተንሸራታቹ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ አላላ። ሁለቱን 3 ሚሊ ሜትር ፑንታዎች በለስላሳ ወገናቸው በሁለቱም ተንሸራታች ሥር አስገባ። ሚኒሞ ብሎኖቹን ወደ ውስጥ እያዞርክ ፑንታው ሳይጠብቅ ሳይወድቅ ለጥቂት በሚይዝበት ቦታ ተዋቸው። አሁን እጀታውን በዝግታ ክፈት፤ ሁለቱም ፑንታዎች በአንድ ቅጽበት መውደቅ አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ከወደቀ በዚያ በኩል ያለውን የካቦ ማስተካከያ ዳዶ ሩብ ዙር እያላላህ ድገም። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ አንዳንዴ አሥር ጊዜ ያስደግማል። ግን የሁለት ካርቡሬተር ሞተር እኩልነት ከሚኒሞው ይልቅ ጋዝ መስጠት በጀመርክበት ቅጽበት ላይ ይገኛል፣ በዚያች ቅጽበት አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲከተል ነው መንቀጥቀጡ የሚመጣው።

አሁን ሞተሩን አስነሣና 10 ደቂቃ ያህል ነድተህ አሙቀው። ቆሞ የሞቀ ሞተር በቂ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ዘግቶ ማስነሣትም ይገድላል። የአየሩ ብሎን በአንተ ካርቡሬተር ላይ ከተንሸራታቹ ወደ አየር ማጣሪያው ወገን ነው ያለው፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ስትፈታው አየር ይጨምራል፣ ወደ ውስጥ ስታስገባው ቤንዚን ይበዛል። ብሎኑ ወደ ሞተሩ ወገን ባለባቸው ካርቡሬተሮች ይሄ ይገለበጣልና የሌላ ሰው ሞተር ላይ የሰማኸውን እዚህ አትሥራበት። በጣትህ ለስለስ አድርገህ ጫፍ እስኪነካ አስገባው፣ አታጥብቀው፤ ከዚያ ሁለቱንም 1 ዙር ተኩል አውጣ። ሚኒሞውን በዙር መቁጠሪያው 1,200 አካባቢ አድርግ። የቀኙን በስምንተኛ ዙር እያንቀሳቀስክ፣ በየእርምጃው አምስት ሰከንድ እየጠበቅክ፣ ድምፁ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚጠራበትን ቦታ ፈልግ። ግራውንም እንዲሁ። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለቱን የሚኒሞ ብሎኖች በእኩል ቀንሰህ ወደ 1,200 መልሰው፣ እንደገና ሞክር።

ብሎኑ የቆመበት ቦታ ብዙ ይነግርሃል። ሞተሩ የሚያምርበት ቦታ ሁለት ዙር ተኩል ወጥቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሚኒሞው ጅግለር ለአየራችን ትልቅ ነው፣ አንድ ቁጥር ዝቅ አድርግ፤ ለምሳሌ 38 ከሆነ ወደ 35። ግማሽ ዙር እንኳ ሳይወጣ ከሆነ ደግሞ ጅግለሩ ወይ ተደፍኗል ወይ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። ጎንደር ላይ የመጀመሪያው ነው የሚበዛው።

ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል መሥራታቸውን ለማረጋገጥ መካኒኮች አንዱን የካንዴላ ሽቦ ነቅለው የሌላውን ድምፅ ይሰማሉ። ሐሳቡ ደግ ነው፣ አደራረጉ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የአንተ ሞተር ለሁለቱ ካንዴላዎች አንድ ቦቢና (የካንዴላውን እሳት የሚያመነጭ የሽቦ ጥቅል) ነው ያለው፣ እሳቱ በአንደኛው ወጥቶ በሌላኛው ነው የሚመለሰው። ሽቦውን ነቅለህ በአየር ላይ ከተውከው ሁለተኛውም ይሞታል፣ ቦቢናውም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ትርፍ ካንዴላ በተነቀለው ሽቦ ላይ ሰክተህ አካሏን ከሞተሩ ብረት ጋር በሽቦ እሰራት። አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ሲሠራ ፍጥነቱ ስንት ላይ እንደሚቆም ጻፍ፣ ከዚያ ሌላውን እንዲሁ ሞክር። ልዩነቱ ከ50 ዙር ካለፈ የደከመውን ጎን ሚኒሞ ብሎን በጥቂቱ አስገባ። አንዱ ጎን ሲጠፋ ከ20 ሰከንድ በላይ አታቆየው፤ ያልነደደ ቤንዚን ሲሊንደሩን ያጥባል።

አሁን ወደ ኮሶዬ ዳገት እንመለስ። ካርቡሬተር አየርን በክብደት አይመዝንም፤ በአፉ በሚያልፈው አየር ፍጥነት ነው ቤንዚኑን የሚስበው። ከፍታ ላይ አየሩ ቀጭን ነው፣ የሚሳበው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለባሕር ጠለል የተቆረጠ ጅግለር ጎንደር ላይ ከሚገባው ከ10 እስከ 14 በመቶ የሚያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል፣ ወደ ደባርቅ እየወጣህ ስትሄድ ደግሞ ይብሳል። ዳገት ላይ ጋዝ ስትከፍት የሚታፈነው በዚህ ነው። በትክክል ቢስተካከልም ሞተሩ ከባሕር ዳርቻ አቻው ከ20 እስከ 25 በመቶ ኃይል ይጎድለዋል፤ ያንን ጉድለት በጅግለር ለማሟላት አትሞክር፣ አይሟላም።

የጃፓኑ ካርቡሬተር ሠሪ የኬሂን ዋና ጅግለር ላይ የተቀረጸው ቁጥር በግምት የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይነግርሃል፤ 90 ማለት 0.90 ነው። የሚያልፈው ቤንዚን በቀዳዳው ስፋት ካሬ ስለሚለወጥ ከ90 ወደ 85 መውረድ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ቤንዚኑን በ11 በመቶ ይቀንሳል። ለጎንደር መነሻህ ይሄን የመሰለ ቅናሽ ይሁን። በተንሸራታቹ ላይ ያለውን መርፌ ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው፤ መያዣዋን ቅንጥብ ከነበረችበት አንድ ጭረት ወደ ላይ ስታወጣ መርፌው ወደ ታች ይወርዳል፣ መካከለኛው ጋዝ ላይ ቤንዚን ይቀንሳል። ይህም በሁለቱም እኩል ይሁን።

ልኬቱን የምታረጋግጠው በመንገድ ላይ ነው። እጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈህ በእስክሪብቶ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ እያልክ ምልክት አድርግ። ከዝግ እስከ ስምንተኛው ድረስ የሚሠራው የሚኒሞው ጅግለርና የአየሩ ብሎን ነው። ከዚያ እስከ ሩብ የተንሸራታቹ አቆራረጥ፣ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ መርፌው፣ ከዚያ በላይ ዋናው ጅግለር። ችግሩ የታየበትን ምልክት ብቻ ተመልክተህ የትኛውን እንደምትነካ ታውቃለህ። ሁለት አዲስ ካንዴላ ግጠም፣ መኪናና ባጃጅ በማይበዛበት የዳገት ቁራጭ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ጋዙን ሙሉ ከፍተህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ውጣ፣ ፍሪሲዮኑን ይዘህ በቅጽበት ሞተሩን አጥፋ፣ ሳታስነሣው ዳር ያዝና ካንዴላዎቹን ፍታ። ነጩ ሸክላ ሥሩ ላይ የተቆላ ገብስ ቀለም ከያዘ ልክ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ አንድ ቁጥር ቀንስ። ነጭ ሆኖ ጥቃቅን ብልጭልጭ ነጥቦች ከታዩበት አቁም፣ በአንድ ቁጥር ጨምር፤ እሱ ፒስተን እየቀለጠ የመጣ ምልክት ነው። ሁለቱ ካንዴላዎች እኩል ቀለም መያዛቸውን እይ፤ ካልያዙ ወደ ተንሳፋፊው ተመለስ።

አንዳንድ ሰዎች ከፍታ ላይ «ይተንፍስ» ብለው የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ይነዳሉ። በእውነትም ሞተሩ ለጊዜው ይቀለዋል፣ ምክንያቱም የበዛውን ቤንዚን አየሩ ያሳሳዋል። ግን በበጋ የአዘዞና የቆላድባ መንገድ አቧራ በፋሻና በሲሊንደር መካከል ገብቶ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈጫቸዋል። ማጣሪያው ይግባ፣ ጅግለሩ ይነስ። እንደውም ልኬቱን ሁሉ ንጹሕ ማጣሪያ ገብቶ ሥራው፤ አለበለዚያ ማጣሪያውን የመለስክ ዕለት ያበዛል።

የክረምቱንም ነገር ላንሳ። ጠዋት ሲበርድ ከቾኩ ሌላ ምንም አትንካ፤ «ብሎኑን ትንሽ ልፍታለት» ከተባለ በመስከረም ሁሉም ከልኩ ወጥቶ ታገኘዋለህ። በየወሩ የነዳጁን ማጣሪያና የካርቡሬተሩን ሳህን (ከታች ነዳጅ የሚጠራቀምበትን ክፍል) አውርደህ ውኃ እንዳልጠራቀመ እይ።

ወደ መተማ ለመውረድ ካሰብክ ግን ይህን ሁሉ አትርሳ። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ያህል ነው፣ ግፊቱም ከዚህ በጣም የበለጠ ነው፤ ለጎንደር የተቆረጠው ጅግለር እዚያ ቤንዚን ያሳጥረዋል፣ በዚያ ሙቀት ላይ ሙሉ ጋዝ ስትሰጥ ፒስተኑን ይበሳዋል። ስለዚህ የነቀልካቸው ያልተቧጨሩ ትላልቅ ጅግለሮች ካሉ አትጣላቸው፣ ተቧጭረው ከሆነ በዚያው ቁጥር አዲስ ጥንድ ግዛ። በትንሽ ፕላስቲክ ከነ ቁጥራቸው ጠቅልለህ ከመቀመጫው ሥር በፕላስተር ለጥፋቸው፣ አጠገባቸውም ወረቀት ላይ የአየሩ ብሎን ስንት ዙር እንደወጣና የመርፌው ቅንጥብ ስንተኛው ጭረት ላይ እንዳለ ጻፍ። ቁልቁለቱን ከጨረስክ በኋላ ሳህኑን አውርዶ ሁለቱን መቀየር ከ30 ደቂቃ አይበልጥም።